ዶክተር ዘይነባና የቁልቁለቱ ፍሬን

ዶክተር ዘይነባ ማረፋቸውን የነገሩኝ አንድ ጋሪ ነጂ ናቸው። ለሥራ አዳማ ወርጄ ምሳ ልበላ ስቀመጥ ስልኬ ጮኸ። ኦቦ ቱፋ ነበሩ፤ አሰላ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጋሪ የነዱ፣ ስልክ መደወል የማይወዱ ሰው።

«ዳዊት፣ ዶክተራችን ሄደች» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ቀብሩ አርቦዬ ነው፣ ወንድሟ ጋ። ዛሬውኑ ነው። ቶሎ ና» አሉ።

ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ። ስደርስ ሰው ከመቃብር እየተመለሰ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ እንደተቀመጥን አንዱ የድሮ ተማሪያቸው ስለ ጩኸታቸው አንድ ነገር አነሣ። ሌላው ቀጠለበት። ሦስተኛው ጨመረበትና ሳቅ አመለጠን። ደንግጠን አንገታችንን ስንደፋ ወንድማቸው ሐጂ ከማል፣ «ሳቁ ልጆቼ፣ ሳቁ። እሷስ ብትኖር ዝም ትላለች?» አሉን። እውነታቸውን ነው። ዶክተር ዘይነባ ዝም ሲሉ ያየ ሰው በዚያ ድንኳን ውስጥ አልነበረም።

እኔ ያወቅኳቸው አሰላ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ስማር ነው። የመጀመሪያው ቀን ክፍል ሲገቡ በአንድ እጃቸው የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ፣ በሌላው ድንጋይ ይዘዋል። አጭር ናቸው። ነጭ ሸራ ጫማ አድርገዋል። ሻሻቸው ገና ከመጀመራቸው ወደ ኋላ ተንሸራቷል።

«ዛሬ ሁለት እንግዳ ይዤላችሁ መጥቻለሁ» አሉ። ስፖንጁን ተጫኑት፣ ተጨማደደ። ድንጋዩን ተጫኑት፣ ምንም አልሆነም። «ስፖንጁ ይጨነቃል። የት ቦታ ላይ ምን ያህል እንደተጨነቀ ለማወቅ በሐሳባችሁ ቆራርጡትና እያንዳንዷን ቁራጭ ጠይቋት። ፋይናይት ኤለመንት ማለት ይኸው ነው፤ የቀረው ሒሳብ ነው። ድንጋዩ ግን አይጨነቅም። የት እንዳለና ወዴት እንደሚሄድ ከነገራችሁት በቃው። እሱን ግትር አካል እንለዋለን። ኮምፒውተሩም አይደክምበትም።»

ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ዶክተር፣ ድንጋዩም እኮ ትንሽ ይጨነቃል።»

ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ ጥለው ወደ ልጁ ሮጡ። የሚመቱት መስሎን ነበር። ጨብጠውት እጁን እያርገበገቡ፣ «ልክ ነህ! ይጨነቃል!» ብለው ጮኹ። «ግትር የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም። ግትር የምንለው እኛ ነን፤ ስለቸኮልን! ስለዚህ አንዱን ግትር ስትሉት ምኑን ችላ እንዳላችሁበት እወቁ።»

ከዚያ ሁላችንም መዳፋችንን እንድናፋትግ አዘዙን። ክፍሉ ሙሉ መዳፍ ያፋትጋል። «ሞቀ?» ይላሉ። «ሞቀ!» እንላለን። «አንዱ ልሂድ ሲል ሌላው ቆይ ሲለው፣ እሱ ነው ሰበቃ። ደግሞ ልብ በሉ፤ ለማንቀሳቀስ ስትጀምሩ ከበድ ይላል፣ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ቀለል ይላል። ይህችን ነገር እንዳትረሷት፤ ብዙ ታምሳችኋለች።»

ያን ቀን ወደ ቤቴ የሄድኩት በሩጫ ነው። ለምን እንደሮጥኩ አላውቅም። አባቴ የመሥሪያ ቤት ሰው ነበር፣ በቤታችን ስለ ትምህርት የሚወራው ስለ ውጤት ብቻ ነው። ትምህርት እንዲህ ሰውን የሚያስጮህ ነገር መሆኑን ከዚያ በፊት የነገረኝ አልነበረም።

ስመረቅ ረዳታቸው ሆኜ ቀረሁ። በዋናነት ልነግራችሁ የፈለግኩት ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው።

ክረምት ነበር። ከላይኛው ሰፈር ወደ ገበያ የሚወርድ አንድ ቁልቁለት አለ፤ ኮብልስቶኑ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ይሆናል። እኔና ዶክተር ዘይነባ ጃንጥላ ተካፍለን በዚያው ስንወርድ አንድ ገብስ የጫነ ጋሪ አልፎን ሄደ። ሄደ ማለት ተንደረደረ ነው። ጋሪ ፍሬን የለውም። ፍሬኑ ፈረሱ ነው፤ ጭነቱ ከኋላ ሲገፋው በኋላ እግሮቹ ተቃውሞ ያቆመዋል። የዚያን ቀን ኮቴው ከዳው። ፈረሱ ተቀመጠ፣ ጋሪው በጎን ተገለበጠ፣ ነጂው ቦዩ ውስጥ ወደቁ።

ሰው ተሯሩጦ ነጂውን አነሣ። እግራቸው ተሰብሯል። ፈረሱም ጭኑ ተልጦ ይንቀጠቀጣል። ዶክተር ዘይነባ ግን ጭቃው ላይ ተንበርክከው የተገለበጠውን ጋሪ ጎማ በእጃቸው እያዞሩ ያያሉ። ሰውየው በሰው ትከሻ ላይ ሆነው አዩዋቸው።

«ያ ረቢ! ሰው ወድቆ እሷ ጎማ ታያለች!»

«እርስዎን የሚያነሣ ሰው ሞልቷል» አሉ ዶክተር ቀና ሳይሉ። «ጎማውን ግን ማንም አላየውም።»

ሰውየው ኦቦ ቱፋ ነበሩ። እኔ በሐፍረት መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

በሳምንቱ የከተማው የትራንስፖርት ኃላፊ ጋሪ ነጂዎቹን ሰብስቦ ክረምቱ ሲያልቅ ጋሪ በዚያ ቁልቁለት መውረድ ጨርሶ እንደሚከለከል ነገራቸው። ክፉ ሰው አልነበረም። በዚያ መንገድ ላይ ስንት ሰው እንደተጎዳ ያውቃል። ነገር ግን ሌላው መንገድ ከተማውን ዞሮ የሚመጣ ነው። ለነጂዎቹ ያ ማለት ሥራ መፍታት ነው፤ ከላይ ላሉት ገበሬዎችም እህላቸውን ገበያ የሚያደርስላቸው ማጣት ነው።

ዶክተር ዘይነባ ይህን እንደሰሙ ኃላፊው ቢሮ ገቡ። እኔም ተከትያቸው ገባሁ።

«ፍሬን ብሠራለትስ?»

«ለፈረስ?»

«ለጋሪው!»

ኃላፊው ሳቀ። ቀጥሎ ደግሞ ሳቁን ተወና፣ «ዝናብ እየዘነበ፣ ጭነት ተጭኖ፣ እዚያው ቁልቁለት ላይ ሲቆም በዓይኔ ካየሁ እፈቅዳለሁ። ክረምቱ ሳያልቅ ግን» አለ። ዶክተር ከቢሮው ሲወጡ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ነው የወረዱት።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ከጎማው ጋር አብሮ የሚሽከረከር ክብ ብረት አለ። ነጂው በእግሩ ሲረግጥ አንድ የብረት ክንድ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ወደ ብረቱ ይጫናል። ሰበቃው ጋሪውን ይይዘዋል። ከመሥራታችን በፊት ግን ኮምፒውተር ላይ ሞከርነው፤ ላስቲኩ ምን ያህል ቢጫን ይይዛል፣ ብዙ ቢጫን ደግሞ ጎማው መዞሩን አቁሞ ይንሸራተታል ወይ የሚለውን። ላስቲኩን ቆራርጠን እያንዳንዱን ቁራጭ ጠየቅን። ክቡን ብረትና ክንዱን ግትር አካል አልናቸው፤ ብረት ናቸው፣ ምን ይሆናሉ ብለን።

የሰበቃውን ልክ ለማወቅ ላስቲኩን እርጥብ ብረት ላይ በሚዛን እየጎተትን ለካን። ዶክተር ዝናቡ ካልተጨመረበት አይሆንም ብለው በረንዳው ጫፍ ላይ አስወጡኝ። እኔ እየጎተትኩ፣ እሳቸው ሻሻቸው ውኃ እየጠጣ የሚዛኑን ቁጥር በኦሮምኛ እየጮኹ፣ ያለፈ ያገደመው ቆሞ ያየናል። እንደዚያን ቀን ተደስቼ የሠራሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

የኮምፒውተሩ ሙከራ፣ ሲሙሌሽኑ፣ እንደ ቅቤ ለስልሶ ሄደ። ፍሬኑ ያዘ፣ ጋሪው ቆመ። በያጅ ፈልገን አሠራነው።

ሙከራው ቀን ኦቦ ቱፋ በክራንች መጥተው መንገዱ ዳር ቆሙ። ጋሪው የሳቸው ነው፤ ከብዙ ልመና በኋላ ሰጥተውናል። ፈረሱን ግን አልሰጡንም፤ አልጠየቅናቸውምም። አሸዋ የሞሉ ማዳበሪያዎች ጭነን፣ ተማሪዎች ከኋላ በገመድ ይዘውት፣ ቀስ እያልን ለቀቅነው። ዶክተር ከጎኑ እየሮጡ የፍሬኑ ፔዳል ላይ ያሰርነውን ገመድ ሳቡ።

ድ-ድ-ድ-ድ-ድ!

ጋሪው እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠ። ቡሎኑ እየተፈታ ወደቀ። ማዳበሪያዎቹ ተራ በተራ ዘለሉ። መጨረሻ ላይ ክንዱ ራሱ ተነቅሎ ቦይ ገባ። በገመዱ የያዙት ልጆች ባይኖሩ ጋሪው ገበያ መሐል ይገባ ነበር።

እኔ ያን ሁሉ የለፋንበትን አስቤ አንገቴን ደፋሁ። ዶክተር ዘይነባ ክንዱን ከቦዩ አነሡት፣ ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ፤ ፊታቸው በርቷል።

«ተሳስተናል!» ብለው ጮኹ። «ተሳስተናል! ዳዊት፣ ታየዋለህ? ተጣሟል! እኛ ግትር ያልነው ተጣሟል! ኮምፒውተር የጠየቅከውን ብቻ ነው የሚመልስልህ። ያልጠየቅከውን መሬት ይመልስልሃል!»

ኦቦ ቱፋ ክራንቻቸውን ነቅለው ሄዱ። ሲሄዱ ለአጠገባቸው ሰው፣ «ጋሪዬ ፈረሰ፣ ሴትዮዋ ትስቃለች። ፈረሴን ከዚህ በኋላ በዓይኗም አታየው» ሲሉ ሰማሁ።

ዶክተርም ሰምተዋል። ሳቃቸው ቆመ። ተከትለዋቸው ሄዱና መንገድ ላይ ደረሱባቸው።

«ኦቦ ቱፋ፣ አንድ ጊዜ ይስሙኝ።»

«ምን ልስማ? አንቺ ደስ ብሎሻል። እኔ ቤቴ ስገባ ለልጆቼ ምን ልበል?»

«ደስ ያለኝ ጋሪው ስለተበላሸ አይደለም። ዛሬ ፈረስ ሳይኖርበት ስለተበላሸ ነው። እርስዎ ሳይኖሩበት ስለተበላሸ ነው።»

ኦቦ ቱፋ ክራንቻቸውን አስተካክለው ሊሄዱ ሲሉ ዶክተር ቀጠሉ።

«ጋሪውን አስተካክዬ አመጣለሁ። ፈረሱን አልጠይቅዎትም። እኔ ራሴ እቀመጥበትና እወርዳለሁ። እኔ ስወርድ አይተው፣ ልብዎ ካመነ ያኔ ያስቡበት።»

«ብትሞቺስ?»

«ያኔ ፈረሱን አይስጡ!»

ኦቦ ቱፋ ሳይወዱ በግድ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ሴትዮዋ እንደማይቀልዱ አውቃለሁ።

ወደ ኮምፒውተሩ ተመለስን። ክንዱን ከግትርነት አወጣነው፤ እሱንም ቆራርጠን እንዲታጠፍ ፈቀድንለት። ይህን ስናደርግ ሒሳቡ ታመመ። ላስቲኩ ብረቱን ነክቷል ሲል ለቋል ይላል፣ ለቋል ሲል ይነካል፤ ማሽኑ መልስ አጥቶ ያቋርጣል። አስተካክለን እናስነሣለን፣ ያቋርጣል። ሲሄድልን ደግሞ መብራት ይጠፋል። አንድ የክፍል ባልደረባችን፣ «ዘይነባ፣ ይህ መንቀጥቀጥ የሒሳብ በሽታ ነው። የሚያበርደው ትንሽ ማለዘቢያ ቁጥር ጨምሪበትና ይለፍ» አላቸው። ምክሩ መጥፎ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ይደረጋል።

«ቁልቁለቱም ላይ ተንቀጥቅጧል እኮ» አሉት። «ሁለቱም አንድ ነገር እየነገሩኝ ከሆነስ?»

አንድ ቀን ጧት ገና ከመግባቴ ጩኸታቸውን ከግቢው በር ሰማሁት። ጸሐፊዋ ሰው የሞተ መስሏት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ሮጬ ገባሁ። ስክሪኑ ላይ ግራፉ ድ-ድ-ድ-ድ እያለ ይወጣል ይወርዳል፤ ልክ እንደ ጋሪው።

«አየኸው? አየኸው?» እጄን ይዘው ወንበሩ ላይ ጣሉኝ። «ላስቲኩ ብረቱን ሲይዘው ክንዱ ይታጠፋል። ሲታጠፍ እንደ ቀስት ይወጠራል። ውጥረቱ ሲበዛ ላስቲኩ ይለቃል፣ ክንዱ ይመለሳል፣ እንደገና ይይዛል! ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ! ማለዘቢያ ብንጨምርበት ኖሮ እውነቱን ነበር የምናጠፋው!»

ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እኔም ሳላውቀው እየጮህኩ ነበር። ጸሐፊዋ በሩ ላይ ሆና፣ «ምንድነው፣ ዶክተር? ምን ተገኘ?» ትላለች። «እልል በይ!» አሏት። ምን እንደሆነ ሳታውቅ እልል አለች።

በሽታው ከታወቀ መድኃኒቱ አልከበደም። ክንዱን አሳጠርነው፣ አወፈርነው። ክንዱ የተሰካበትን ማጠፊያ ደግሞ ከቦታው አነሣነው፤ ክቡ ብረት ሲዞር ላስቲኩን ወደ ውስጥ ጎትቶ ከሚያጣብቅ፣ ወደ ውጭ ገፋ እንዲያደርገው። በዚህም በዚያም እያልን ስንሞክረው ግራፉ አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ተረጋጋ። ዶክተር ግን ይህን ጊዜ አልጮኹም። «መሬቱ ምን እንደሚል እንስማ» አሉ።

ሁለተኛው ሙከራ ቀን ዝናቡ ያፈሰዋል። ኃላፊው በጃንጥላ ሥር ቆሟል። ጋሪ ነጂዎቹ ሁሉ ሥራ ትተው መጥተዋል። ዶክተር ዘይነባ ሻሻቸውን አገጫቸው ሥር ጠበቅ አድርገው አስረው አሸዋው ላይ ወጡ። እኔ ገመዱን ከያዙት መሐል ነኝ።

«ስላችሁ ትለቁታላችሁ» አሉን።

«ዶክተር፣ ግማሹን እንያዝ…»

«ግማሽ ሙከራ የለም። ልቀቁ!»

ለቀቅነው። ጋሪው መጀመሪያ ቀስ አለ፣ ከዚያ ተንደረደረ። ነጭ ሸራ ጫማቸው ፔዳሉ ላይ ይታየኛል። አይረግጡም። ምን ይጠብቃሉ? «ይርገጡት!» ብዬ ጮህኩ። ኋላ እንደነገሩኝ፣ የሚወርድ ጋሪ በእውነት የሚፈጥነውን ያህል እስኪፈጥን ነበር የጠበቁት። ኦቦ ቱፋ በተሰበረ እግራቸው መንገዱ መሐል ሊገቡ ሲሉ ሰው ያዛቸው።

ረገጡት።

ምንም ድምፅ አልነበረም። ጋሪው ዝግ አለ፣ ዝግ አለ፣ ቆመ። እዚያው ቁልቁለቱ ወገብ ላይ፣ በሳሙናው ኮብልስቶን ላይ፣ ምንም ሳይይዘው ቆመ። ዝናቡ ብቻ ይሰማል።

ከዚያ አሸዋው ላይ ተነሥተው ቆሙና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ «እንደገና!» አሉ።

ጩኸቱ ያን ጊዜ ፈነዳ። ጋሪ ነጂዎቹ ገመዱን ከእጃችን ነጥቀው ጋሪውን ራሳቸው ሽቅብ ገፉት። እንደገና ወረዱ። እንደገና ቆመ። ለሦስተኛ ጊዜ ሊወጡ ሲሉ ኦቦ ቱፋ ክራንቻቸውን ከፍ አድርገው፣ «ይበቃል!» አሉ። «አሸዋ ሲወርድ አየን። ዳማን አምጡልኝ።»

ዳማ ፈረሳቸው ነው፤ ጭኑ ድኗል፣ ጠባሳው ግን ይታያል። ታሰረ። ኦቦ ቱፋ እየደገፍናቸው ወጥተው ተቀመጡ፤ ደህናውን እግራቸውን ፔዳሉ ላይ አደረጉ። ዶክተር ዘይነባ ከፈረሱ ራስ አጠገብ ለመሄድ ተጠጉ።

«አንቺ ከኔ ጎን ውጪ» አሏቸው ኦቦ ቱፋ። «ብቻሽን ስትወርጂ አየሁሽ። አሁን አብረን ነው።»

ወረዱ። ቁልቁለቱ መጀመሪያ ላይ ዳማ እንደለመደው የኋላ እግሮቹን ተከለ፤ ግፊቱን ሊቀበል። ኦቦ ቱፋ ፔዳሉን ቀስ አድርገው ስለረገጡት ግፊቱ አልመጣም። ጆሮውን ወደ ኋላ አዞረ። አንድ እርምጃ ሄደ፣ ጠበቀ፣ አሁንም የሚገፋው የለም። ከዚያ አንገቱን አርዝሞ ሜዳ ላይ እንዳለ ፈረስ ቀስ እያለ ወረደ። ቁልቁለቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ኦቦ ቱፋ አጥብቀው ረገጡ። ጋሪው ቆመ፣ ዳማም ቆመ። ኦቦ ቱፋ ልጓሙን ለቀው ፊታቸውን በሁለት መዳፋቸው ሸፈኑ።

«ገለቶሚ» አሉ። «ዶክተሬ፣ ገለቶሚ።» አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው። ዶክተር ዘይነባም ትከሻቸው ላይ እጃቸውን አድርገው ዝም አሉ። አሁን ሳስበው ዝም ሲሉ ያየሁበት ቀን አንድ እሱ ነው።

ኃላፊው ቃሉን ጠበቀ። ፍሬን ያለው ጋሪ በቁልቁለቱ እንዲወርድ ተፈቀደ። ዛሬ አሰላ ብትመጡ ላስቲክ ያለበት ፔዳል የሌለው ጋሪ እዚያ መንገድ ላይ አታዩም። ከጮሌና ከኦጎልቾ ሳይቀር መጥተው ያሠሩ ነበር።

ዶክተር ዘይነባ ሲታመሙ ወንድማቸው ቤት አርቦዬ ሄዱ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው እዚያ ነው። በጣም ከስተዋል። «ምን ላይ ነህ?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። የድንች መቆፈሪያ ማረሻ ላይ እንደሆንኩ፣ አፈሩና ብረቱ የሚነካኩበት ቦታ ላይ ሒሳቡ እየተቋረጠ እንዳስቸገረኝ ነገርኳቸው። ትራሱን ገፍተው ተቀመጡ። መዳፋቸውን ማፋተግ ጀመሩ። ጥያቄ በጥያቄ ላይ። አፈሩ ምን ያህል ርጥብ ነው? ማረሻውን ግትር አልከው? ቁራጮቹ ጫፉ ላይ ምን ያህል ደቀቁ? ሐጂ ከማል ሦስት ጊዜ ገብተው፣ «ታማሚ ናት፣ አትጨቃጨቁ» አሉን። ሦስቱንም ጊዜ አስወጧቸው።

የመጨረሻው ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ሲል ተነሣሁ። ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው እስከ መንገድ ሸኙኝ። ሚኒባሱ ሲነሣ በመስኮቱ በኩል እየተራመዱ አሁንም ያወራሉ። ድንገት ቆሙ፤ ዓይናቸው በራ፤ አንድ ነገር ጮኸው ነገሩኝ። ሞተሩ ዋጠው። አልሰማሁትም።

እንደደረስኩ ደወልኩላቸው። «ዶክተር፣ ሚኒባሱ ሲሄድ ያሉኝ ምን ነበር?»

«ረሳሁት!» አሉ። «አንተው ፈልገው።»

ፈለግኩት። ስንት ነገር ቀያየርኩ መሰላችሁ። በመጨረሻ ማረሻው አፈሩን የሚነካበትን ጫፍ ትንሽ ክብ ሳደርገው፣ የሾለው ጥግ ሲጠፋ፣ ሒሳቡ ሳያቋርጥ እስከ ጫፍ ሄደ። ወዲያው ደወልኩ። ሐጂ ከማል አነሡት፤ ተኝታለች አሉኝ። ከዚያ ራሳቸው ቆም ብለው፣ «ኋላ ሳልቀሰቅሳት ብቀር እኔን ነው የምትበላኝ» አሉና ስልኩን ወሰዱላቸው።

«ሄደ!» አልኳቸው። «ጥጉን ክብ አደረግኩት፣ ሄደ!»

«አላልኩህም!» ብለው ጮኹ። ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት። ሳቃቸው ከሳል ጋር ተቀላቅሎ ይሰማኛል።

«እና ያን ቀን ያሉኝ ይኼንን ነበር?»

«እኔ እንጃ!» አሉ። «ግን ልክ ነበርኩ ማለት ነው!»